ፊሽካ

ሲሚንቶው እንዲበርድ ውሃ ረጨሁልህ፤
ሆድህን ለጥፈህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ፣
ጅራትህን ብቻ አንዴ ቆላህልኝ፤
«አለሁ» ነው? «በቃኝ» ነው? ማን ይፍታልኝ።

ዶክተር ሙክታር ደርሶ ጫማውን አወለቀ፣
መርፌውን ከጀርባው እንደ ሌባ ደበቀ።
እሱንም ላስከው፣ ያንኑ እጁን።

«ለውሻ ይለቀሳል?» አለችኝ ዘሃራ፣
አጥንት በፌስታል ባጥር አሻግራ፤
ያርብ ድርሻህ ነበር።
ይዤው ቆሜ ቀረሁ።

ደቻቱ አሸዋ ውስጥ ልቀብርህ ነበረ፤
ክረምት ጎርፉ መጥቶ ቢወስድህስ? ቀረ።
ኒሟ ሥር ቆፈርኩኝ፣ ያው አንተ ስትጭር
የምቆጣህ ቦታ።

ማታ ባቡር ሲጮህ አብረህ ትጮህ ነበር፣
ከዚያ ነው ስምህ፤
ዛሬም ከለገሃር ጥሩምባው ሲሰማ፣
አመል ሆኖብኝ ነው፣ «ፊሽካ፣ ዝም በል!» አልኩህ።