የጥላ ጥላ

ትሪየስቴ ነው አገሬ፣ ነፋስ የሚገዛው፣
ሽማግሌ ሲያልፍ ገመድ የሚያስይዘው።
ቦራ ይሉታል ስሙን፤ ከተራራ ወርዶ
ቆብ ነጥቆ የሚሄድ፣ ልክ እንደ ሰው አብዶ።
ፊልም አጫዋች ነበርኩ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት፣
በጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በመብራቱ ሙቀት።
አሁን ጡረታ ነኝ። ዓይኔም ደክሟል መሰል፤
ግን አንድ ነገር አለ፣ የሚግም እንደ ከሰል፦
ያንን ፊልም ለምን እንደገና ሠሩት?
ማን ሞተ አላቸው? ለምን ቀሰቀሱት?

ሊቪዮ ፉርላን ሠራው፣ በስልሳ ሦስት ክረምት፣
አጎቱ፣ ዓሣ ነጋዴው፣ ባበደረው ጥቂት።
ገንዘቡ አለቀ፣ ጭራቁ ሳይመጣ፤
ከሮም የታዘዘው ጭንብል፣ ከሣጥኑ ሳይወጣ
ባቡር ጣቢያ ቀረ፣ የሚከፍል ታጣ።
ያኔ ልብስ ሰፊዋ ኒቬስ፣ እንደ ልማዷ ዝም ብላ፣
መርፌ በከንፈሯ ነክሳ
ወጣች፤ ስትመለስ በእጇ የተሰበረ ጥላ።
ቦራ የገነጠለው፣ አጥንቱ የገጠጠ።
መብራቱን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ክንዴ እየተንቀጠቀጠ።
ከመብራቱ ፊት ለፊት ዘቅዝቃ ያዘችው፤
ግድግዳው ላይ የወጣውን... እግዜር ይወቀው።
ክንፍ ነው? ጣት ነው? ወይስ መንጋጋ?
ደረጃውን ወጣ፣ ወደ ልጅቷ አልጋ።

ይኸው ነው ጭራቁ። ሌላ የለም፣ በቃ።
ጨርቅና ሽቦ ነው፣ የካርቶን ጨረቃ።
የጥላ ጥላ ነው።

ፊልሙ የታየ ለት፣ ክንዱ ግንድ የሚያህል
የወደብ ጫኝ አውራጅ፣ ባርኔጣውን ነክሶ
በመስኮቴ አየሁት «ወይኔ እናቴ» ሲል።
ፎቅ ቤት የሚኖር ሰው ያን ሌሊት አልወጣም፤
ታች ወጥ ቤቱ አደረ፤ እንቅልፍም አልመጣም።

ከዚያ ቀለም ቀቡት። ዝም አልን፤ ይሁና።
ቀጥሎ ደም ጨመሩ፣ በበርሜል፣ እንደገና።
ሦስተኛው ዘንድሮ ነው። ጥርስ ተተከለለት፣
ሁለት መቶ ዐሥር፣ ቆጥሬ፣ ምራቅ የሚንጠባጠብበት።
ስም አለው ጭራቁ! እናት አለው! አሳዛኝ ልጅነት!
አባቱ ገርፎት ነው አሉ የከፋው በድንገት።
ነፋሱ የማሽን ነው፣ እንደ ፀጉር ማድረቂያ፤
ሻማው እንኳ አለው ማጥፊያና ማብሪያ።
ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው ይህ፤
ጅቡ ከሄደ ስልሳ ዓመት፣ ውሻው ዛሬ ሲጮህ።

ልጄ፣ አዘጋጁ፣ ስምህን ባላውቀው፣
የተሸፈነውን ምነው ባትገልጠው!
ፍርሃት ዓይን አፋር ነው፤ መብራት ስታበዛበት
ጓዙን ጠቅልሎ ይወጣል፤
አንተ ከነጥርስህ ትቀራለህ፣ ከባዶ ቤት።

ኤሌትራ፣ የልጅ ልጄ፣ ዐሥር ዓመት ሊሞላት፣
ይዣት ገባሁ ልናይ፤ ፈንዲሻ ገዛሁላት።
ጭራቁ አፉን ሲከፍት፣ እሷም አብራ አዛጋች፤
«ጥርሱን ሲቦርሽ አይመሽበትም?» ብላኝ ሳቀች።
አዳራሹ ሁሉ ስልኩን ይነካካል።
እኔን ያስለቀሰኝ ይኸ ነው።

ስንወጣ ቦራ መጥቷል፤ ገመድ ተዘርግቷል፤
መንገዱ ላይ ሰው የለም፤ ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል።
ጃንጥላዬን ነጠቀኝ፤ አጥንቱን ሰባብሮ
መብራት ምሰሶ ሥር ጣለው አሽከርክሮ።
ከዚያ፣ በጉምሩኩ ግንብ ላይ፣
ቀስ ብሎ፣
ቀና አለ።

ፈንዲሻው ከእጇ ወደቀ።
እጇ እጄን አነቀ።
«ማነው እሱ፣ አያቴ?»

ልነግራት ነበር። ሽቦ ነው፣ ጨርቅ ነው፣
የሰው ተንኮል ነው፣ ምሥጢሩን የማውቀው፤
ስልሳ ዓመት ሙሉ በፈራሁ ቁጥር
የኒቬስን እጅ ነበር እጀታው ላይ የማየው።
ኒቬስ ግን ከተቀበረች ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው።

ታዲያ አሁን ማነው የያዘው?

ገመዱን ጨብጠን ሄድን፤ ወደ ኋላ አላየንም።
ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ነው።
ታች ወጥ ቤት የለንም።