አንድ ሚሊዮን አንድ

እኔ ከላይ ነበርኩ፣ ከፍሬኑ እጀታ፣
እሷ ከታች ነበረች፣ ከትኬቱ ቦታ፤
በመሃላችን ሐዲድ፣ ቅባት የጠጣ ገመድ፣
የቫልፓራይሶ ዳገት፣ ከወደብ እስከ ሰፈር የቆመ መንገድ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ኤዱቪሂስ ሳንቲም ቆጠረች፤
አንድ ሰው ባለፈ ቁጥር፣ ቀጭ ብላ አንዲት ጥርስ ዞረች።
መቁጠሪያው ስድስት ቤት ነበረው። ስድስቱም ዘጠኝ ሲሞላ
ተመልሶ ዜሮ ሆነ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ።
ዓሣ ሻጩ ዶን ኤራስሞ ነበር ያኔ በሩን የገፋ፤
ሚሊዮንኛው መሆኑን ሳያውቅ ቅርጫቱን ይዞ ጠፋ።
ከኋላው አንዲት ልጅ መጣች፣ ካልሲዋ የወረደ፤
ብረቱ «አንድ» ብሎ ጻፋት፣ ያለፈውን ክዶ፣ እንደ አዲስ የተወለደ።

ኤዱቪሂስ ግን አልካደችም፤ በእርሳስ ጻፈችው፣ በካርቶን ቅዳጅ ወረቀት፦
አንድ፣ አምስት ዜሮ፣ አንድ። ከግራም ከቀኝም ያው ነው ቢያነቡት።
ሁለት ዘበኛ፣ በመካከላቸው ባዶ ሜዳ።
«ብቸኛ ቁጥር ነው» ብላ ላከችብኝ በወጣችው ሰረገላ፣
«ከራሱና ከአንድ በቀር ለማንም የማይካፈል፣ የማንም የሌለበት ዕዳ።»

ሦስትን ሞከረች፣ ሁለት ተረፈ። ሰባትን፤ ደግሞ ሁለት።
አሥራ አንድ፣ አሥራ ሦስት፣ ሠላሳ ሰባት፣
እንደተማከረ ጎረቤት ደጇ ላይ ጥለው ሄዱ ያንኑ ሁለት።
የሌሎቹ ለየቅል ነው፤ አሥራ ሰባት አስተረፈ አሥር፣
አሥራ ዘጠኝ አሥራ ሁለት። እኔም ከላይ ማካፈል ጀመርኩ፣
ፍሬኑን በክርኔ ይዤ፣ በጠመኔ፣ በብረቱ በር።

ዘጠና ሰባት ላይ ስትደርስ ክረምት ገባ፣ ጉም ወደቡን ዋጠ፤
ሃያ ስምንት ተረፈ። ሃያ አምስት ብቸኞች አንኳኩተው ተመለሱ፣
መቀርቀሪያው አልተናወጠ።
«በቃ» አለች፣ «ያለ ጥርጥር ብቸኛ ነው። እንደ እኔ።»
«እንደ እኔ» ያለችው በስልክ ነው፣ ወረቀቱ ላይ የለም፤
የዝናቡ ድምፅ መሰለኝ ያኔ።

አራት ዓመት ዝም አልን። ሰው ወጣ፣ ሰው ወረደ፣ ቅባት ፈሰሰ።
ገመዱ ለጥገና በቆመበት እሑድ፣
ዐይኔ ከዚያ ካልታበሰ ጠመኔ ላይ ደረሰ፦
ከዘጠና ሰባት ቀጥሎ የሚመጣው ብቸኛ ማነው? መቶ አንድ።
አካፈልኩት፤ ምንም አልተረፈ። ደገምኩት፤ ምንም።
ሦስተኛ ጊዜ፣ በላብ፣ በግድ።
መቶ አንድ ጊዜ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ!
አንዲት ደጃፍ ሲቀራት ነበር ተመልሳ የሄደችው።
ደረጃውን በእግሬ ወረድኩ፣ በመስኮቱ ሥር አሾለክሁላት፤ አየችው።

ይቆጫታል ብዬ ነበር፣ ያ ሁሉ ገጽ፣ ያ ሁሉ ከንቱ።
እሷ ግን ጣቷን በትልቁ ተካፋይ ላይ አሳረፈች፦
«ይሄስ? ደግሞ ይከፈላል ወይ፣ አንቱ?»
እርሳስ ስፈልግ ደብተሯን ዘረጋች፦ «ይተዉት፤ ተሠርቶ አልቋል።
ይህን የሚከፍል ያንንም ይከፍል ነበር፤
ሃያ አምስቱም እምቢ ብለዋል።
ከመቶ በታች ወዳጅ ያጣ፣ ከመቶ በላይም ጥንድ አይገኝለትም፤
መቶ በመቶ እኮ አሥር ሺህ ነው፤ ይህ ደግሞ አይደርስበትም።»

ገመዱ ቆሟል፤ ሆኖም ሳንቲሜን ተቀበለች፣ በማዞሪያው አለፍኩ።
እሷም መስኮቷን ዘግታ ተከተለችኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንበኛ በር፤
ቀጭ፣ ቀጭ። ስንተኛ እንደሆንን ለማየት
አንዳችንም ዞር አላልንም ነበር።