ከሀ እስከ ጸ

ከኮምቦልቻ ስንወጣ ሰዓት ሞልቶን ነበር፤
ዳሽቦርዱ ላይ ነበር አረንጓዴ ቁጥር፣
ስልክም ነበር ኪሴ፣ ባትሪው ቢያነክስም።
ሐረጎን ጀምረን ጉሙ ሲውጠን ግን አንዱም አልቆየም፤
ቁጥሩ ብልጭ አለና ዜሮ ዜሮ ሆነ፣
ስልኬ አንዴ ጮኸና እጄ ላይ መነነ።
የሾፌሩ የጎሹስ? ቻርጅ ላይ ሰክቶት ቤቱ ቀርቷል።
እትዬ የኔነሽ አትይዝም፤ “ስልክ ስንቱን በልቷል።”

ሲስተር ትርንጎ ከደሴ፣ መስመሩ ሳይቆረጥ፣ አንድ ቃል ብላኝ ነበር፦
“በምጥና በምጥ መሀል ያለውን ጊዜ ቁጠር።
ደቂቃ ከሆነ አትንዱ፤ ዳር ይዛችሁ ቁሙ።”
ሉባባ የወንበሩን ብረት ጨበጠች፤ መብራታችንን በላው ጉሙ።

በምን ልቁጠር?
አንድ፣ ሁለት ብዬ ጀመርኩ፤ ልቤ ቁጥሩን ነጥቆ ሮጠ፣
ሃያ ስል መቶ ላይ ደርሶ፣ ትንፋሼ ተቆረጠ።
ፊደል ግን አይሮጥም፤ ዜማው ልጓም አለው፤
የኔታ አርጋው በአርጩሜ ያሰሩልኝ ነው።

ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ — ሁለት ሰከንድ፤
ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ — አራት፣ ምላስ በእግሯ ስትሄድ።
መናኸሪያ ሥራ ስፈታ ለክቼዋለሁ፣ በትልቁ ሰዓት ሥር፦
ኘ ላይ ግማሽ ደቂቃ ነው፣ ጸ ላይ ሙሉ፤
እስከ ፐ ያለው ምራቂ ነው፣ ቢቆጠር ባይቆጠር።

መጀመሪያ አምስት ጊዜ ዞርኩ፣ ስድስተኛው ላይ ረ ስል ያዛት።
ቀጥሎ ሦስት። ኩርባ። ሦስት። ኩርባ። እትዬ የኔነሽ ወገቧን ደገፈቻት።

ከፊት አባቷ፣ አባባ ሙሄ፣ ሙስበሃ ያንከባልላሉ፤
ሠላሳ ሦስት ፍሬ ነው፤ “ያንተስ ስንት ነው?” ይላሉ።
“ሠላሳ ሦስት ቤት” ብል፣ ዞር ብለው አዩኝ በጨለማ፤
“እንግዲያ አንድ ላይ እንነሳ፣ ሂሳባችን ይስማማ።”

ተነሳን። እኔ ፐ ስል እሳቸው የክሩ ቋጠሮ ላይ፤
ሁለተኛው ዙርም እንዲያው፣ ጉሙ ውስጥ ሳንተያይ።
በሦስተኛው ሉባባ ጮኸች፤ እኔ ፐ አልኩ፣ ገና ሰባት ፍሬ ቀራቸው።
“ልጄ፣ ፍርሃት በላብህ” አሉኝ፤ አይንቀጠቀጥም ጣታቸው።
ሰባት ፍሬ! አሥራ አራት ሰከንድ፣ ከሌላ ሰው ጊዜ የዘረፍኩት፤
ገና ነው ያልኩት ምጥ በራፋችን ላይ ነበር፣ በፍጥነቴ ያራቅኩት።

“ጎሹ፣ ቁም!” አልኩ።
ኩርባው ላይ ዳር ያዘ፤ ድንጋይ ከጎማው ሥር አደረግኩ።
እትዬ የኔነሽ ነጠላዋን አነጠፈች፤ ወንድ ሁሉ ፊቱን አዞረ፤
ጉሙ፣ ደግነቱ፣ በየመስኮቱ መጋረጃ ሆኖ አደረ።

“መጣ” አለች። ከዚያ ዝም።
ሞተሩም ዝም፣ ሉባባም ዝም፣ እትዬ የኔነሽም፣
ሕፃኑም።

ሀ አልኩ።
ማን ጠይቆኝ? ለማን? ለ። ሐ። መ።
ካቆምኩ አብሮኝ የሚቆም ነገር ያለ መሰለኝ፣ እዚያ ጨለማ።
ቀ በ ተ ቸ። ኀ። አሥራ ሦስተኛው ቤት ላይ ጉሮሮዬ ተዘጋብኝ፤
ነ ኑ ኒ ና — “ና” ላይ ድምፄ ለአፍታ ጠፋብኝ፤
ኘ ኙ ኚ —
“ኛ!”
እኔ አይደለሁም። እሱ ነው የጨረሰልኝ።

ደሴ ስንደርስ ሲስተር ትርንጎ “ሳያለቅስ ስንት ቆየ?” አለችኝ።
“እስከ ኛ” አልኳት። እንደ እብድ አየችኝ፤
“በል ድገመው” ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ሰዓቷን ገለጠች።
ደገምኩላት። “ሃያ ዘጠኝ” ብላ ወረቀቱ ላይ ጻፈች።

እኔ ግን ያን ሌሊት ምላሴ በእግሯ ሄዳ ይሁን፣ ሮጣ ይሁን አላውቅም፤
አባባ ሙሄ ሙስበሃውን ጥለውት ነበር፤ የሚያርመኝ አልነበረም።

ዛሬ መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር
ከታችኛው ኩርባ ተነስቼ እሞክራለሁ ልቆጥር፤
አንዳንዱ ቀን ፊደሉ ይቀድማል፣ አንዳንዱ ቀን መንገዱ፤
ረዳቴ ጸሎት ይመስለዋል፤ ዝም ይላል እንደ ልማዱ።