የጆሮ ጫፍ

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ በሴቱባል ወደብ፣
ጀልባዎቹ ሳይደርሱ፣ ሳይራገፍ መረብ፣
ዳልቫ መጣች ደግሞ፣ የሽቦ ወጥመድ ይዛ፣
ጉልበቷን በሻርፕ አስራ፣ በብርዱ ደንዝዛ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ፋብሪካው ሳይዘጋ፣
ሰርዲን በጣሳ ስታሽግ ከመሸ እስኪነጋ፣
ጨው የበላው ጣቷ ዛሬም አይዘረጋ።

እኔ ደግሞ ከላይ፣ በመስኮቴ አድብቼ፣
ውሃ የምደፋ ነበርኩ፣ በባልዲ ቀድቼ፣
የድመት ለቅሶ ሲበዛ፣ እንቅልፌን አጥቼ።

«ውረድ» አለችኝ አንድ ቀን፣ ቀና ብላ አይታ፤
«ውሃውን ለአበባ አድርገው፤ ፎጣ ይዘህ ና ማታ።»
ወረድኩ። ለምን እንደሆን እስካሁን አላውቅም።
ሚስቴ ከሞተች ወዲህ፣ «ና» ያለኝ ሰው የለም።

«ሚኒስትሯ» ነበር ስሟ፣ የሰፈሩ ገናና፣
ግራጫ፣ ባለ አንድ ዓይን፣ የሁላችን ፈተና፤
ሦስቴ ወጥመድ አምልጣለች፣ ሰርዲኑን ይዛ ሄዳ፤
ዓመት ሁለት ጊዜ፣ ቦይ ውስጥ፣ አምስት ስድስት ወልዳ፣
ከስድስቱ አምስቱን ዝናብ ሲወስዳቸው፣
ጧት ጧት ዳልቫ ነበረች በአካፋ የምትቀብራቸው።

«እግዜር የሰጠውን ማህፀን፣ ሐኪም ይቆልፍ?»
አለ ዜፈሪኖ፣ መረብ ሲሰፋ ከደጃፍ።
ዳልቫ አልተከራከረችም። አካፋውን ሰጠችው።
«የዛሬው ጧት ያንተ ነው። እዚያ ናቸው። ቅበራቸው።»
ከዚያ ቀን ወዲህ፣ ቃል ካፉ ሳይወጣው፣
የዓሣ ራስ በፌስታል በራችን ላይ የሚሰቅለው እሱ ነው።

የፋርማሲዋ ኢርሴ፣ የሳንቲም መጣያ ጣሳ
ከሳል ሽሮፑ ጎን አኖረች፣ ማንም እንዳይረሳ፤
ዳቦ ቤቱ ባዶ ካርቶን፣ ልብስ አጣቢዋ አንሶላ፤
ሐኪሟ ቤንታ ደግሞ፣ ሰኞ ሰኞ በነጻ፣ ምሳዋን እንኳ ሳትበላ።

የተያዘችበት ሌሊት፣ ጭጋግ ባሕሩን አልብሶ፣
ሳሌን በፎጣ አፍኜ፣ ጉልበቴ ድንጋይ ተንተርሶ፣
ስንጠብቅ፣ ስንጠብቅ...
ቋ!
የሽቦው በር ወደቀ።
ዳልቫ እንደ ልጅ ሣቀች፤ የኔ ሆድ ግን ተጨነቀ።
እንስሳ በጨለማ ሽቦ ሲነክስ ያየ ሰው፣
ትክክል ስለ መሥራቱ፣ ወዲያው መልስ የለው።

ጧት በቤንታ ጠረጴዛ፣ ምላሷ ወጥቶ ተኝታ፣
የግራ ጆሮዋ ጫፍ በጥፍር ልክ ተነሥታ፣
«ይህ ደረሰኟ ነው» አለች ቤንታ፣ በፈገግታ፤
«የከፈለች ናት። ማንም ዳግም አይያዛት በማታ።»

ድመት መንኩሳ ብለን፣ አመሏን መች ረሳች?
በሩ ሲከፈትላት፣ እጄን ቧጭራ ሄደች።

ዐሥር ቀን ጠፋች። ዐሥር ቀን ሰርዲኑ ደረቀ፤
ዳልቫ ምንም አላለች፤ ፊቷ ግን ወደቀ።
በዐሥራ አንደኛው ቀን፣ ፀሐይ ደረጃዬን ሲመታ፣
ከቁብ ሳትቆጥረኝ አየኋት፣ ጀርባዋን ሰጥታ።

መጋቢት ገባ። ቦዩ ዝም አለ።
አካፋው ከጓዳ ጥግ ዝጎ ተንጠለጠለ።
እንቅልፍ አገኘሁ፤ ግን አንዳንዴ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣
ያልተወለዱት ያነቁኛል፣ ያለ ድምፅ፣ ያለ ጩኸት።
አልጠየቅናትም። መጠየቅም አንችልም።
ብትመልስልን ኖሮም፣ በኛ ቋንቋ አይደለም።

ፎጣዬን አንሥቼ፣ ባልዲው ለአበባው ቀርቶ፣
እወርዳለሁ፤ ዳልቫ ከታች ታስላለች፤ አዲስ ድመት መጥቶ፣
ብርቱካናማ፣ ጎረምሳ፣ ሁለቱም ጆሮው ሙሉ፣
ወጥመዷን ያሸታል። ጀልባዎች ይገባሉ።