ኮከብ የወጣበት ጓንት

ከጥቁር ውሃ ወዲህ፣ ከአስፋልቱ ማዶ
የኔ ቀን ይነጋል፣ የሌላው ነጉዶ።
መጋረጃ ስቤ በጨለማው ሣጥን እገባለሁ ብቻዬን፤
ከጽልመቱ ጋራ አላምዳለሁ ዓይኔን።

የብርጭቆ እጅ አለች፣ አምስት ጣት ያወጣች፣
መብራት የዋጠች።
ጓንቱን አለብሳታለሁ፣
ቀስ አድርጌ አዞራታለሁ።
ስስ ነው፤ ከሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል፤
ብርሃኑ በላዩ እንደ አጓት ይፈሳል።
ደህናው ዝም ይላል።
ነውር ያለበት ግን ኮከብ ያወጣል፦
አንዲት ነጥብ፣ ከመርፌ ጫፍ ያነሰች፣
ብዙውን ጊዜ ከሌባ ጣት ሥር የተደበቀች።
(ነገር የገባው ሰው ነው ጣቶቹን የሰየመው።)

ድሮ በውሃ ነበር የምንፈትነው፤
ሞልተን፣ ሰቅለን፣ ሥሩ ቆመን፣ ጠብታ እየጠበቅን፣
«ውሃ የማይቋጥር» የሚሉትን ነገር በዓይናችን እያየን።
ውሃ ግን ወፍራም ነው፤ በአንዳንድ ቀዳዳ አያልፍም ትከሻው፤
ብርሃን ነው ቀጭኑ፣ ብርሃን ነው አሳባቂው።

ሎዳሞ፣ የፈረቃው አለቃ፣ በመጋረጃው ጥግ አንገቱን ያሾልካል፤
«ቡኔ፣ ስንት ደረሰ?» ይላል።
ስንቱን ቆጣሪው ያውቃል።
እኔ የማውቀው የትኛው እንደሆነ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ መብራት ሄዶ፣ ጄነሬተሩ ሲስል፣
አምፖሏ ቢጫ ሆና ስትርገበገብ፣ ዓይኔም ሲከብድ ሲቀል፣
አንዲት ኮከብ ያየሁ መሰለኝ።
ወይም አላየሁም። እጄ ግን ቀደመኝ፤
ጣለው ከደህናዎቹ መሃል።

ካርቶኑ ታሸገ። ንጋት ላይ መኪናው ጫነ፤
ወደ በንሳ ይሁን ወደ ይርጋለም፣ እንጃ፣ መንገዱ የሱ ሆነ።
ስሟን የማላውቃት አዋላጅ ታጠልቀዋለች አንድ ሌሊት፤
ምጥ ጊዜ አይሰጥም፣ አትይዘውም ወደ መብራት።

ለሎዳሞ ነገርኩት። «ከሺህ ይህን ያህል ይፈቀዳል» አለኝ፣
ወረቀቱን አውጥቶ መስመሩን በጣቱ እያሳየኝ።
እውነቱን ነው፤ ተጽፏል።
ወረቀት ግን እጅ የለውም፤ ምን ይነካል?

ሲነጋጋ ከሰርቪስ ወርጄ በአሞራ ገደል በኩል ሳልፍ፣
አባ ኮዳው ቆሟል፣ ጀልባ የሚጠብቅ ይመስል በሰልፍ፤
ሰማዩ ከታቦር በላይ ገና ኮከቡን አልሰበሰበም፤
ከጥግ እስከ ጥግ በዓይኔ አዞርኩት፣ መተው አላስቻለኝም።
የባጃጁ ልጅ ቀና ብሎ «እንዴት ያምራል!» ቢለኝ፣
ሌሊቱን ሙሉ ያፈንኩት አፌ ላይ ደረሰብኝ፤
«ያፈሳል» አልኩት፣ ሂሳቤን እየቆጠርኩ።