የማይረባ ቀይ

መንገድ ሊያሰፋ የመጣው ቡልዶዘር ኮረብታውን እንደ ዳቦ ገምሶ
ትናንት ማታ ሄደ። ዛሬ እኔና አለቃዬ፣ ዝናብ ልብሳችንን አርሶ፣
ከሻይ ማሳው ግርጌ ቆመን የግምሱን ፊት እንጠርጋለን፣
ከእግራችን ጀምረን፣ ሽቅብ፣ አንድ በአንድ እናነባለን፤
አፈር ሲነበብ እንዲህ ነው ልማዱ፣
ታላቅ ከሥር ተኝቶ፣ ታናሽ ይቀመጣል ከሆዱ።

«ጻፍ» ትላለች ዶክተር ሺሃራ፣ «ከሥር ቡኒ፣ ጭቃማ፣
የሚያጣብቅ። ከላዩ ፓሚስ፤ ነጭ፣ ጥቂት ቢጫማ፣
ሽምብራ የሚያህል፣ በሁለት ጣት ሲጫኑት የሚደቅቅ፣
ውሃ ላይ ቢጥሉት የሚንሳፈፍ እንጂ የማይጠልቅ።
ከእሱ በላይ…» ቆንጠር አድርጋ በጥርሷ መሐል ታሸዋለች፣
«አመድ፣ ብርቱካንማ፣ የላመ፣ ብርጭቆ ያለበት» ትላለች።
«ውፍረቱ?» «ሃምሳ ሁለት ሴንቲ ሜትር።» «ወሰኑስ?» «ከሥሩ ስለት፣
ከላዩ ደብዛዛ፤ ትልና የዛፍ ሥር አመሰቃቅሎት።»
«ያምራል» ብዬ ጨመርኩ። ሰረዘችው።
«ከቀለም ካርዱ ጋር አስተያይና ቁጥሩን ጻፈው።»

የማሳው ባለቤት፣ አሮጊቷ ቶሜ፣ ጃንጥላ ይዛ ወረደች።
«ይሄማ አካሆያ ነው» አለች፣ ግምሱን በጫማዋ ጫፍ ነክታ ሳቀች።
«አካ፣ ቀይ። ሆያ፣ የማይረባ። አባቴ ሲረግመው ኖሯል፤
ድንች ቢተክሉበት ይቀጭጫል፣ ዶማ ቢያሳርፉበት ይቦናል።»

እኔም ሳቅሁ። አለቃዬ አልሳቀችም። ‹ስም› ከሚለው መስመር ላይ
ያንኑ ቃል ጽፋ ኖሮ፣ ቅጹን ሰጠቻት እንድታይ።
ለካስ ከሰባት ሺህ ዓመት በፊት ባሕር ውስጥ የፈነዳ እሳተ ገሞራ፣
ቀኑን ያጨለመ፣ ደሴት ያራቆተ፣
ሊቃውንት በየጉባኤው የሚጠሩት
በገበሬ ምሬት ነው፣ በድንች ኪሳራ።

ቶሜ ዝም አለች። ጃንጥላዋን አጠፈች፣
ዝናቡ ግን አላቆመም ነበር።
«የእኔም ስም እንዲሁ ነው» አለች።
«ስድስተኛ ሴት ልጅ ነኝ። ቶሜ ማለት ‹ይብቃ› ነው፣ ‹ከዚህ ወዲያ ይቁም›።
ያን አፈርና እኔን አባቴ በአንድ ሳምንት ሳይሰይም አልቀረም።»

ከዚያ እንደ ዶክተሯ ቆንጠር አድርጋ በቀሩት ጥርሶቿ አኘከችው፣
«ይንኮሻኮሻል» አለች፤ ተፋችው።
«ዘጠና አራት ዓመት ስረግጠው፣ ብርጭቆ መሆኑን ማን ነገረኝ?»

ዝናቡ በረታ። ናሙናውን ቋጠርኩ፣ ቁጥር ጻፍኩበት፤
ቀዩ ጥፍሬ ውስጥ ቀረብኝ።