ጥጋቡ

ስሜ ጥጋቡ ነው። የቧንቧ ሠራተኛ።
ጎንደር ውሃ ሲመጣ፣ ሌሊት የማልተኛ።
ከቀበሌ አሥራ ስምንት እስከ ሳሙና በር፣
በየትኛው ቤት ጀርባ የትኛው መስመር
እንደሚያፈስ አውቃለሁ፣ በጆሮዬ ብቻ፣
ሳልቆፍር በዶማ፣ ሳልፈታ በመፍቻ።
የአንገረብን ደለል ከብረት ሆድ ዝቄ፣
ዝገቱን በሽቦ ቀን ሙሉ ፈቅፍቄ፣
ሲመሽ ሥጋ ቤት ነኝ።

ቁርጡ በአዋዜ፣ ድራፍቱ በላዩ፣
ጓደኞቼ ሁሉ ሆዴን እያዩ
«ጥጌ፣ ተመችቶሃል!» ሲሉኝ በየማታ፣
እኔም ቸብ ቸብ ነው፣ እንደ ሙሉ ጎታ።

ቀበቶዬ ሲገዛ አምስት ቀዳዳ ነበረው።
ስድስተኛውን እኔ በሚስማር በሳሁለት፤
ሰባተኛውን ሚስቴ በወስፌ ቀደደችለት፣
«ስምን መልአክ ያወጣል» ብላ እየሳቀች።

ሆስፒታል የሄድሁት ልታከም አልነበር፤
ገንዳው ተደፍኖባት፣ ጠርታኝ ሲስተር የውብዳር።
ከገንዳው ሥር ተጎንብሼ ትንፋሼ ቢያጥርብኝ፣
ክንዴን ሳብ አድርጋ ጨርቁን ጠመጠመችብኝ።
ነፋችው። አነቀኝ። ቀስ ብሎ ለቀቀ።
ቁጥሩን ስታነበው ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ።
ሜትር አወጣችና ወገቤን ለካችው፤
አንድ መቶ አሥራ ሁለት። ዝም ብላ ጻፈችው።

«ገባኝ፣» አልኋት፣ «ደለል ነው። ስብ ሞልቶት ይሆናል።
መጥረጊያ መድኃኒት ስጪኝ፣ በሳምንት ይለቃል።»

«አይደለም፣» አለችኝ፣ «የአንተ ቱቦ ሙት ነው።
የሰው ደም ሥር ግን የሚይዝ፣ የሚለቅ፣ ሕያው ነው።
ደሙ ሲበረታ ላላ ብሎ ያሳልፋል፤
እንዲያ እንዲል የሚያዘው ስስ ገበር ለብሷል።
ሴቷ በዳሌዋ፤ ወንዱ አብዝቶ ስቡን
ሆዱ ውስጥ ይከተዋል፣ ከብቦ አንጀቱን።
ያ ስብ ደግሞ አይተኛም። እንደ ክፉ ጎረቤት
ነገር ያቀብላል ለደም፣ ቀንም ሆነ ሌሊት።
ገበሩ ይቆጣል። ሲቆጣ፣ ሲከርር፣
ላላ ማለትን ረስቶ፣ የሚያውቀው መወጠር።»

ከዚያ ድምጿን ቀንሳ ሌላ ነገር ጠየቀችኝ፣
ስለ እኔና ስለ ሚስቴ፣ ስለ ሌሊት። ላብ አጠመቀኝ።
መፍቻዬን ፈለግሁ። በእጄ ይዤው ነበር።
«እሱም ደም ሥር ነው፣» አለች። «ቀድሞ የሚናገር።»

ገንዳውን ከፈትሁት። ውሃው እየጮኸ ወረደ።
ሂሳብ አልጠየቅሁም።
ባጃጅ ቆመችልኝ፤ በእጄ አሳለፍኋት፤
ዳገቷን በእግሬ ሦስቴ አርፌ ወጣኋት።

ሌሊት ውሃ መጣ። ሰፈሩ ባልዲ ይዞ ተነሣ።
እኔ ግን ጣቴን አንገቴ ላይ አድርጌ ተኝቻለሁ።
የሰውን ግድግዳ ሃያ ዓመት የሰማ ጆሮ
የራሱን ቤት መስመር ዛሬ ገና ጀምሮ።

«አትነሣም?» አለች ሚስቴ።
«ቆይ፣» አልኋት። «አንድ መስመር እየሰማሁ ነው።»